መጨረሻ የሚጎርስ

ሚያዝያ ሲጋመስ ሮቢ ወንዝ ይነጥፋል፤
ከድልድዩ በታች አንድ ኩሬ ይተርፋል፤
ለብ ያለ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ሰነበተ ሾርባ፣
ዝንብ የሰፈረበት፣ ከብት እንኳ የማይገባ።

እኔ ከደብረ ብርሃን፣ ከቢሮ ተልኬ፣
መለኪያውን ነከርሁ በጭቃ ተንበርክኬ።
ቁጥሩ ተንቀጠቀጠ፣ እየደከመ፣
ከአምስት፣ ከሦስት ወርዶ
አንድ ነጥብ አራት ላይ ቆመ።

ሸዋንግዛው አጥማጁ መንጠቆውን ጠቅልሎ
ጥላ ሥር ተቀምጧል ባርኔጣውን ጥሎ።
«ትል ሰጠሁት» አለኝ፣ «ዘቢብ ያከለ፤
አሽትቶ ተወው፤ ጾም የያዘ መሰለ።
ንጋት ላይ ግን ሁሉም አፉን ከላይ ከፍቶ
ሰማይ ይለምናል፣ ከንፈሩ ገርጥቶ።
ይኸ ዓሣ ምን ነካው? መቼም አልሰከረ።»
«አየር አጥሮት ነው» አልሁ።
ቆየና፣ «ልቡስ» አለኝ፣ «እንዴት አደረ?»

ልቡስ እንዴት አደረ።
ስንት ዓመት ተምሬ፣ ስንት ሪፖርት ጽፌ፣
እንዲህ ያለ ጥያቄ ወጥቶ አያውቅም ከአፌ።

«የሰው ልብ ጌታ ነው» አልሁት፣ «የበኩር ልጅ፤
ትኩሱ ደም ከሳንባ ገና ሲደርስ ከደጅ
ቀድሞ ይጎርሳል።
የዓሣ ልብ ግን ያጎርሳል፤
ደሙን ወደ ስንጥብ ይገፋል፣ ስንጥብ አየር ያቀብላል፣
ጭንቅላት ይበላል፣ አንጀት ይበላል፣ ጅራት ይበላል፤
ሁሉ ጠግቦ ሲያበቃ ያ ደም ጠቁሮ፣ ደንዝዞ፣
ለልብ ይደርሰዋል የተረፈውን ይዞ።»

ሸዋንግዛው ሳቀ። «አሳላፊ ነዋ!
በወንድሜ ሠርግ ዕለት እኔም እንዲያ ነበርሁ፤
ወጥ ስጨልፍ ውዬ፣
ሲመሽ የድስቱን ቂጥ ቆሜ እየጠረግሁ በላሁ።
ታዲያ ሲያጥረውስ? እኔ ጣርማ በርን በእግሬ ስወጣ
ልቤ እንደ ቀበጠች በቅሎ ልጓም አጣ።»

«ዓሣ ግን» አልሁት፣ «ሲጨንቀው ይዘገያል፤
በየሰከንዱ ይመታ የነበረው ሦስት፣ አራት ሰከንድ ይቆያል።
ግን አንዱን ምት ይሞላዋል፣ እስከ አፉ፣ ጢም አድርጎ፤
በልቡ ጓዳ ረግቶ ከሚያልፈው ደም
ያለችውን ጠብታ ይመጥጣታል ፈልጎ።
የቀረው በብድር ነው፤ ያለ አየር ስኳር ያነዳል፣
ወለዱ ኮምጣጣ ነው፣ በሥጋው ውስጥ ይዋለዳል።
ዝናብ ከመጣ ይከፍላል፤
ካልመጣ…»
«ካልመጣማ እናውቃለን» አለኝ።

ሁለት ልጆች መጡ አጎበር ተሸክመው፣
ሊጠርጉት ኩሬውን፣ እስከ ጉልበት ገብተው።
ሸዋንግዛው ዱላውን አነሣና አስቀመጠ፤
«ትንፋሹን የያዘ ሰው ኪሱ አይዳበስም»
አለና አፈጠጠ።
ልጆቹ ሄዱ። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣
ሁለቱን ለናሙና በባልዲ ወስጃለሁ፤
አየኝ እንጂ አልወጣውም አንድም ነገር።

ማታ በሚኒባስ ዳገቱን ስንወጣ
ጆሮዬ ተደፈነ፣ ብርዱ በመስኮት መጣ፤
በዋሻው ጨለማ ጣቴን አንጓዬ ላይ አኑሬ
ቆጠርሁ። መቶ አራት። መቶ ስድስት።
ቀስ በል አልሁት ተማርሬ።
ከእግሬ ሥር ባልዲው ውስጥ ያሉት
ዝም ብለዋል።

በሳምንቱ ስልክ ጮኸ፤ ድምፁን ዝናብ ውጦታል።
«ሮቢ ሞላ!» አለኝ፣ «ድልድዩን ሊነካ ምን ቀረው?»
«ዓሦቹስ?»
«ድፍርስ ነው እኮ፤ ምን ይታያል?»
ትንሽ ዝም አለና፣
«ትናንት ግን መንጠቆዬን በጥሶ የሄደው ማን ነው?»